ያውቁ ኖሯል? የእስክንድርያው ፋና ድንጋዮች ዛሬም አሉ

ከሰባቱ የጥንቱ ዓለም ድንቆች አንዱ የነበረው የእስክንድርያ የመብራት ማማ ጨርሶ አልጠፋም። ከ100 ሜትር በላይ ይረዝም የነበረው ይህ ማማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን በፋሮስ ደሴት ላይ ተሠርቶ ለመርከበኞች መንገድ ሲያሳይ ኖረ። የጣለው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ እየመታ። ዝነኛው ተጓዥ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1326 ሲያየው አንድ ጎኑ ፈርሶ ነበር፤ በ1349 ሲመለስ ግን ወደ ውስጥ መግባት እንኳ አልቻለም።

ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 በዚያው መሠረት ላይ ምሽግ ማስገንባት ጀመረ። ግንበኞቹ የፍርስራሹን ድንጋይ መልሰው ተጠቀሙበት፤ በምሽጉ በር አካባቢ የሚታዩት የቀይ ግራናይት ምሰሶዎችም ከማማው የተረፉ እንደሆኑ ይታመናል። እዚያ ቆም ብሎ ድንጋዩን በእጅ መዳሰስ፣ በእኔ እምነት፣ ከከተማዋ ጉብኝት ሁሉ ይበልጣል።

የቀረው ባሕር ውስጥ ነው። ከ1994 ጀምሮ ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች ከምሽጉ ሥር በሺዎች የሚቆጠሩ የግንባታ ድንጋዮች፣ ስፊንክሶችና የተሰባበሩ ሐውልቶች አግኝተዋል። ከባሕሩ የወጣው የፕቶሌሚ ንጉሥ ግዙፍ ሐውልት ዛሬ በ2002 በተከፈተው አዲሱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ቆሟል። ምሽጉን አይተው ሲወጡ የባሕር ዳሩን ጎዳና ይዘው እስከዚያ ይዝለቁ።