ፈጣኑ ዳታቤዝና ክፍት የሚቀረው በር

ከባንክ በስልክ የሚላክ ባለስድስት አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር ዕድሜው ጥቂት ደቂቃ ነው። ደንበኛው ቁጥሩን አስገብቶ «ቀጥል» ሲል ሰርቨሩ አመሳክሮ ያሳልፈዋል፤ ካልተጠቀመበት ደግሞ ጊዜው ሲያልፍ ቁጥሩ ይሰረዛል። እንዲህ ላለ አላፊ መረጃ ብዙ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሃርድ ዲስክ አይመርጡም። መረጃውን ሙሉ በሙሉ ራም ላይ በሚይዝ ዳታቤዝ ያስቀምጡታል። በኦንላይን ገበያ ተመርጠው ገና ያልተከፈለባቸው ዕቃዎች፣ ተጫዋቾች የሚፎካከሩበት የነጥብ ሰንጠረዥ፣ አንድን ዜና ስንት ሰው እንዳነበበው የሚቆጥረው ቁጥር፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ሊያዙ ይችላሉ።

ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ፕሮሰሰር አንድን መረጃ ከራም ለማንሳት 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ኤስኤስዲ ከሚባለው ማስቀመጫ ለማንበብ 100 ማይክሮሰከንድ አካባቢ፣ ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ደግሞ እስከ 10 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ቁጥሮቹ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ያነሱ ስለሆኑ ልዩነታቸው ጎልቶ አይታይም። ከራም ማንሳት አንድ ሰከንድ ይፈጃል ቢባል ግን፣ በዚያው ስሌት ኤስኤስዲው ከ16 ደቂቃ በላይ፣ ሃርድ ዲስኩ ከአንድ ቀን በላይ ያስጠብቅ ነበር።

ይህ ልዩነት ሲሲሊ ውስጥ ለሚኖረው ኢጣሊያዊ ባለሙያ ለሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ የየዕለት ራስ ምታት ሆኖበት ነበር። የዌብሳይት ባለቤቶች ገጻቸውን ማን እየጎበኘው እንደሆነ በቅጽበት የሚያዩበትን አገልግሎት ሠርቷል። በእያንዳንዱ ጉብኝት አዲስ መስመር ይጻፋል፣ ያረጀው ይጣላል፤ በተከራየው አነስተኛ ሰርቨር ላይ ያለው ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ይህን ሁሉ ጽሕፈት አልቻለውም። ሳንፊሊፖ መረጃውን ራም ላይ የሚይዝ ፕሮግራም ሞከረ፤ የመጀመሪያው ሙከራ 300 መስመር ገደማ ብቻ ነበር። በኋላ በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፈውና እ.ኤ.አ. በ2009 ሬዲስ ብሎ በነፃ ለቀቀው። ዛሬም ሬዲስ ጥያቄ የሚቀበልበት ፖርት 6379 ነው፤ ቁጥሩ የተወሰደው በድሮ ስልክ ቁልፎች ላይ የአንዲት የኢጣሊያ ቴሌቪዥን ታዋቂ የአባት ስም ከሚጻፍባቸው አሃዞች ነው።

ኡቡንቱ ሊኑክስ በተጫነበት የክላውድ ሰርቨር ላይ ሬዲስን ለመጫን አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል። ፍጥነቱም ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ባለሙያው ሊያስብበት የሚገባው ሌላ ነው፦ ሰርቨሩ የት ይሁን፣ ስንት ጊጋባይት ይከራዩለት፣ ማሽኑ ድንገት ቢጠፋ ምን ያህል መረጃ ቢታጣ ይቻላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከውጭ ማን ሊያናግረው ይፈቀድለት። እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልሱ የተጫነ ዳታቤዝ ቢፈጥንም አያስተማምንም።

ቦታው ቀላል ጉዳይ ይመስላል፤ አይደለም። ብርሃን በፋይበር ኬብል ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ድርጅት ዋናውን ፕሮግራም አዲስ አበባ፣ ሬዲስን ፍራንክፈርት ቢያስቀምጥ በመካከሉ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ኬብሉ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ቢሆን እንኳ ለደርሶ መልስ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይሄዳል። ሬዲስ መልሱን ለመፈለግ የሚያጠፋው ማይክሮሰከንዶች ስለሆነ ትርፉን ሁሉ መንገዱ በላው ማለት ነው። አማዞን በ2020 ኬፕ ታውን፣ ጉግል በ2024 ጆሃንስበርግ የክላውድ ማዕከል መክፈታቸው ለአፍሪካ በጎ ዜና ነው። ለአዲስ አበባ ግን ኬፕ ታውን ከፍራንክፈርት እምብዛም አትቀርብም። ስለዚህ ማዕከሉ የትም ይሁን የት፣ ፕሮግራሙና ዳታቤዙ በአንድ ማዕከል፣ በአንድ የውስጥ ኔትወርክ ላይ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው።

የሜሞሪውን መጠን በሚመለከት ከኢንስታግራም የተሻለ አስተማሪ አይገኝም። ኩባንያው በ2011 ገና ትንሽ ሳለ ከአማዞን በተከራያቸው ሰርቨሮች ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ 300 ሚሊዮን የሚሆኑ የቆዩ ፎቶዎች እያንዳንዳቸው የማን እንደሆኑ በፍጥነት የሚመልስ መዝገብ አስፈለገው። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ሞከሩ፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ቁልፍ፣ ከቁልፉ ጋር የባለቤቱ ቁጥር። አንድ ሚሊዮን ፎቶ አስገብተው ሲለኩ 70 ሜጋባይት ያዘ። ለ300 ሚሊዮኑ ሲሰላ 21 ጊጋባይት ሆነ፤ ሊከራዩት ያሰቡት ሰርቨር ደግሞ 17 ጊጋባይት ብቻ ነበረው።

ትልቅ ማሽን ከመከራየታቸው በፊት ከሬዲስ ገንቢዎች አንዱን አማከሩ። ምክሩ አጭር ነበር፤ ፎቶዎቹን በሺህ በሺህ አቧድኑ። የፎቶው መለያ ለአንድ ሺህ ይካፈላል፤ ቁጥሩ 1155315 የሆነ ፎቶ ቡድን 1155 ውስጥ ይገባል። ሬዲስ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቡድኖችን አጠጋግቶ ስለሚያስቀምጥ ያው አንድ ሚሊዮን ፎቶ 16 ሜጋባይት ብቻ ያዘ። ጠቅላላው ወደ 5 ጊጋባይት ወረደና ኪራዩ ሲሶ ያህል በሆነ ማሽን ላይ ተቀመጠ። የክላውድ ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍል ድርጅት ይህ ታሪክ ከማንኛውም የፍጥነት ውድድር ውጤት ይበልጣል። ከመከራየት በፊት በጥቂት መረጃ ሞክሮ መለካት ምንም አያስወጣም።

ሜሞሪው ሲሞላስ? ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ ሬዲስ ካልተነገረው በቀር ለራሱ ወሰን አያበጅም፤ ሊኑክስ ሜሞሪ ሲያልቅበት ደግሞ ብዙውን የያዘውን ፕሮግራም ይገድላል። ማክስሜሞሪ የተባለውን መስመር በኮንፊግ ፋይሉ መሙላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሬዲስ መረጃውን ወደ ዲስክ ሲገለብጥ ተጨማሪ ቦታ ስለሚሻ፣ 2 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ከ1 ጊጋባይት ብዙ ባያልፉ ይመረጣል። ወሰኑ ሲደርስ ሬዲስ በተለምዶው አዲስ መረጃ አልቀበልም ይላል፤ ከፈለጉ ደግሞ ከተነካ የቆየውን እየጣለ ለአዲሱ ቦታ እንዲለቅ ማዘዝ ይቻላል። ሁለተኛው ከሌላ ዳታቤዝ ለተወሰደ ጊዜያዊ ቅጂ ይስማማል። ለደንበኛ የግዢ ዝርዝር ግን አይሆንም።

ራም ኃይል ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ሬዲስ ለዚህ ሁለት መላ አለው። አንደኛው በየተወሰነ ጊዜው የመረጃውን ሙሉ ቅጂ ዲስክ ላይ መጻፍ ነው፤ በመጀመሪያው አሠራሩ በ5 ደቂቃ ውስጥ 100 ለውጥ ወይም በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10,000 ለውጥ ሲኖር ቅጂ ያነሳል። በሁለት ቅጂዎች መካከል ማሽኑ ከጠፋ የመካከሉ ጠፋ። ሁለተኛው እያንዳንዱን ለውጥ በተራ በፋይል መመዝገብ ነው፤ ፋይሉ በየሰከንዱ ዲስክ ላይ እንዲያርፍ ሲደረግ ጥፋቱ ወደ አንድ ሰከንድ ገደማ ይወርዳል። ይህ ግን ካላዘዙት አይጀምርም። የክላውድ ማሽን ለጥገና ዳግም ሊነሳ ወይም ጭራሹን ሊበላሽ ስለሚችል ቅጂውን ወደ ሌላ ቦታ መላክም የግድ ነው።

የበሩ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ሬዲስ የታሰበው በታመነ የውስጥ ኔትወርክ ውስጥ እንዲሠራ ነበርና ለረጅም ጊዜ ያናገረውን ሁሉ ያለ ጥያቄ ይታዘዝ ነበር። ሳንፊሊፖ ራሱ በ2015 ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በይፋ አሳየ። በኢንተርኔት ክፍት የሆነ ሬዲስ ያገኘ አጥቂ የራሱን የመግቢያ ቁልፍ እንደ ተራ መረጃ ያስገባል፤ ከዚያ ቅጂው ሰርቨሩ የመግቢያ ቁልፎች በሚያስቀምጥበት ፋይል ላይ እንዲጻፍ ያዛል። ሬዲስ ይታዘዛል፤ አጥቂውም የማሽኑ ጌታ ይሆናል። እንዲህ የተያዙ ሰርቨሮች ለማያውቁት ሰው ክሪፕቶ ከረንሲ ሲቆፍሩ ይውላሉ፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይቆምም። የካቲት 28 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያኖሩበት ጊትሃብ በሰከንድ 1.35 ቴራቢት የሚደርስ የመረጃ ጎርፍ መጣበትና ለደቂቃዎች ተቆራረጠ። ጎርፉን የላኩት ሜምካሽድ የተባለውን ሌላ የራም ማስቀመጫ የጫኑና በቸልተኝነት ክፍት የተዉ ሰርቨሮች ነበሩ። አጥቂዎቹ የጊትሃብን አድራሻ አስመስለው ትንሽ ጥያቄ ይልካሉ፤ ሰርቨሮቹም እስከ 51,000 ጊዜ የገዘፈ መልስ ወደ ጊትሃብ ያዘንባሉ። ባለቤቶቹ ምንም ክፉ አላሰቡም። አንድ ፖርት አልዘጉም፤ በቃ።

ሬዲስ ከ2016 ወዲህ የይለፍ ቃል ካልተበጀለትና አድራሻው ካልተወሰነለት የውጭ ጠያቂን አይቀበልም። ችግሩ የሚመለሰው በሰው እጅ ነው። ፕሮግራሙ በሌላ ማሽን ላይ ሆኖ መገናኘት ሲያቅተው፣ ሥራ የበዛበት ባለሙያ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብሎ መከላከያውን ያጠፋል፤ አድራሻውን ለዓለም ሁሉ ይከፍታል። ያ «በኋላ» ብዙ ጊዜ አይመጣም። ትክክለኛው መንገድ ከዚህ የሚረዝመው በደቂቃዎች ብቻ ነው፦ ሬዲስ በውስጥ ኔትወርኩ አድራሻ ብቻ ያዳምጥ፣ ፋየርዎሉ ከፕሮግራሙ ማሽን በቀር ሁሉንም ይከልክል፣ የይለፍ ቃሉም ረጅም ይሁን። ሬዲስ ፈጣን ስለሆነ የይለፍ ቃል ገማቾችንም በዚያው ፍጥነት ያስተናግዳቸዋል።

ዛሬ የሚጭን ሰው ሌላም ምርጫ አለው። የሬዲስ ኩባንያ በ2024 የፈቃድ ደንቡን ሲያጠብቅ፣ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ከቀድሞው ሬዲስ የተቀዳ ቫልኪ የተባለ ነፃ ፕሮጀክት ተጀመረ። ኩባንያው በ2025 ወደ ክፍት ፈቃድ ተመልሷል። ከዚህ በላይ የተነገረው ጥንቃቄ ለሁለቱም ይሠራል።

እንዲህ ያለ ሰርቨር በእጁ ያለ አንባቢ ከቤቱ ወይም ከሌላ ኔትወርክ ላይ ካለ ኮምፒውተር በፖርት 6379 ወደ ራሱ ሰርቨር «ፒንግ» የሚል ትእዛዝ ዛሬውኑ ይላክ። «ፖንግ» የሚል መልስ ከመጣ ሰርቨሩ ለማንም ክፍት ነውና ሳያድር ይዝጋው።