ረጅም ፉርጎ፣ ጠባብ ኩርባ

በሌጎ ጡብ የራሱን የባቡር ፉርጎ መሥራት የሚያምረው ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን ከመስኮት ይጀምራል። ቀለም ይመርጣል፣ በር ይገጥማል፣ ጣሪያ ያለብሳል፣ አንዳንዱም ወንበሩን ሳይቀር ይደረድራል። ፉርጎው ጠረጴዛ ላይ ሲታይ ዓይን ይስባል። ሀዲድ ላይ ወጥቶ የመጀመሪያው ኩርባ ጋ ሲደርስ ግን ወይ ከሀዲድ ይወጣል፣ ወይ ከፊቱ ካለው ፉርጎ ጋር ማዕዘን ለማዕዘን ይጋጫል፣ ወይ ጣቢያው ላይ የቆሙትን የፕላስቲክ መንገደኞች ጠርጎ ያልፋል። መስኮቱም በሩም ምንም አላጠፉም። ችግሩ ከወለሉ ሥር ነው። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ የፉርጎ ሥራን ከታች ወደ ላይ ይዞ ይሄዳል።

መለኪያው አስቀድሞ ይታወቅ። የዴንማርኩ ሌጎ ጡቡን ዛሬ በሚታወቅበት መልክ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ባቡር ለገበያ ያቀረበው በ1966 ነው። በጡቡ ራስ ላይ ያሉት ክብ ጉጦች ከመሐል እስከ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ባቡር ሠሪዎችም ርዝመትን የሚናገሩት በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በጉጥ ነው። በ1991 ባለ 9 ቮልቱ ባቡር ከመጣ ወዲህ የኩባንያው ኩርባ ሀዲድ አልተለወጠም፤ ሬዲየሱ እስከ ሀዲዱ መሐል 40 ጉጥ፣ ማለትም 32 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ ቁራጭ 22.5 ዲግሪ ይታጠፋል፤ 16 ቁራጭ ሙሉ ክብ ይሠራል።

32 ሴንቲ ሜትር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለመረዳት ከእውነተኛው ባቡር ጋር ማስተያየት ይበጃል። የአሻንጉሊቱ ሁለት ሐዲዶች በ38 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ የዓለም መደበኛ ሀዲድ ስፋት ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። አሻንጉሊቱ የእውነተኛው 38ኛ እጅ ነው ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ኩርባው ወደ 12 ሜትር ሬዲየስ ይመጣል። በዋና መስመር ላይ የሚሮጥ የመንገደኛ ፉርጎ እንዲህ ያለ መታጠፊያ ላይ አይገባም።

የብሪታንያ ምድር ባቡር በ1970ዎቹ ያስገባውን ማርክ 3 የተባለ ፉርጎ እንውሰድ። ርዝመቱ 23 ሜትር ነው፤ ከሥሩ ያሉት ሁለት ቦጊዎች፣ ማለትም ጎማዎቹን የያዙትና በየራሳቸው ፒን ላይ የሚዞሩት ጋሪዎች፣ ከመሐል እስከ መሐል በ16 ሜትር ይራራቃሉ። አንድ ሰው ምንም ሳያሳጥር በሌጎ ልሥራው ቢል 75 ጉጥ የሚያህል፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ፉርጎ ይወጣዋል። ይህ ፉርጎ 40 ጉጡ ኩርባ ላይ ሲወጣ ወገቡ ከሀዲዱ መሐል ወደ ውስጥ 79 ሚሊ ሜትር ያፈነግጣል። የፉርጎው ግማሽ ስፋት በዚያ ሚዛን 36 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ወገቡ በሙሉ ከውስጠኛው ሐዲድ አልፎ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ቦጊዎቹ ባይለቁ እንኳ ለዓይን የሚያስቅ ነገር ነው። ማሳጠር የግድ ነው።

ግን እስከ ምን ድረስ? ረጅም አጠና ተሸክሞ በጠባብ ቅያስ የታጠፈ ሰው መልሱን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል፤ የአጠናው ወገብ የውስጠኛውን ማዕዘን ይፍቃል፣ ጫፉ ደግሞ የማዶውን አጥር ይመታል። ፉርጎም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ማፈንገጥ አለበት። በሁለቱ ቦጊዎች መካከል ያለው አካል ወደ ኩርባው ውስጥ ይገባል፤ ከቦጊዎቹ ወዲያ የተረፈው ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል። ቦጊዎቹን ወደ ጫፍ ሲገፏቸው ወገቡ ይብሳል፤ ወደ መሐል ሲሰበስቧቸው ጫፉ ይብሳል። የንድፉ ዋና ውሳኔ እንግዲህ የቦጊዎቹ ፒን የት ይቀመጥ የሚለው ነው።

የወገቡን ማፈንገጥ ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። በሁለቱ ፒኖች መካከል ያለውን ርቀት በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱንም ለሬዲየሱ ስምንት እጥፍ ማካፈል ነው። ርዝመቱ 36 ጉጥ፣ ስፋቱ 8 ጉጥ የሆነ ፉርጎ ፒኖቹ በ24 ጉጥ ቢራራቁ፣ 24 ጊዜ 24 ይሆናል 576፤ ለ320 ሲካፈል 1.8 ጉጥ። ስሌቱ በጥቂቱ ያሳንሳል፤ ትክክለኛው 1.84 ጉጥ ወይም ወደ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የፉርጎው የውስጥ ጎን ከሀዲዱ መሐል 5.84 ጉጥ ይርቃል ማለት ነው፤ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ርቀቱ 4 ብቻ ነበር። የሚገርመው፣ የዚሁ ፉርጎ የውጭ ማዕዘን ሲለካም ያው 5.84 ይመጣል። ሁለቱ ወገኖች እኩል ተካፈሉ።

24 ከ36 ሁለት ሦስተኛ ነው። የአካሉን ስፋት ትቶ የመሐል መስመሩን ብቻ ያሰላ ሰው 0.7 ገደማ ያገኛል፤ የማርክ 3ም 16 ለ23 ሲካፈል ያው 0.7 ነው። 26.4 ሜትር ርዝመትና የ19 ሜትር የቦጊ ርቀት ያለው የምዕራብ አውሮፓ ፉርጎም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አሻንጉሊት ሠሪው ወለል ላይ ተንበርክኮ የሚታገለው ጥያቄ እውነተኛ መሐንዲሶችም የታገሉት ነው።

ሌላም ከእነሱ የሚቀዳ ዘዴ አለ፤ ብዙ የአውሮፓ ፉርጎዎች ጫፋቸው አካባቢ ጠበብ ይላሉ። በጡቡ ፉርጎ ላይ ከየጫፉ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጉጦች በየጎኑ አንድ አንድ ጉጥ ማጥበብ ነው፤ ጫፉ ከ8 ወደ 6 ይወርዳል። ከርቀት ለሚያይ ለውጡ አይታወቅም፤ እንዲያውም መግቢያው በር ያለበትን ቦታ ያሳምረዋል። የውጭው ማፈንገጥ ግን ከ5.84 ወደ 5.09 ይቀንሳል። በዚህ ከተረፈው ላይ ፒኖቹን ወደ 22 ጉጥ ሰብሰብ ማድረግ ይቻላል። ያኔ የውስጡ 5.54፣ የውጭው 5.37 ይሆናል። ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ከሁለቱም ወገን ተገኘ፤ ሀዲድ መቀየሪያው አጠገብ ቀጥ ብሎ የቆመውን ማንሻ ለመሳትና ላለመሳት ይህች ብቻ የምትወስንበት ጊዜ አለ።

ከወለሉ ሥር ደግሞ ቦጊው መዞሪያ ቦታ ይሻል። ፒኖቹ 24 ጉጥ በተራራቁበት ፉርጎ እያንዳንዱ ቦጊ ከአካሉ አንጻር 17.5 ዲግሪ ይዞራል። ስፋቱ 6፣ ርዝመቱ 8 ጉጥ የሆነ ቦጊ ይህን ያህል ሲዞር ማዕዘኑ ከመሐሉ 4 ጉጥ ይወጣል፤ ልክ የፉርጎው ግድግዳ ጫፍ ላይ ይደርሳል። እዚያ ቦታ ላይ ደረጃ፣ የባትሪ ሣጥን ወይም ቱቦ ያንጠለጠለ ሰው ፉርጎውን በገዛ እጁ አሰረው። ዲግሪው ትንሽ ቢመስልም ብዙ ፉርጎ ከሀዲድ የሚወጣው በዚህ ነው፤ ቦጊው እስከሚፈለገው ሳይዞር ይነካል፣ ከዚያ ጎማው ሐዲዱ ላይ ይወጣል። በቦጊውና በወለሉ መካከል ጉጥ የሌላቸው ለስላሳ ጡቦች ቢደረጉ ክብደቱ ያርፍባቸዋል፣ ቦጊውም ሳይንቀረፈፍ ይዞራል።

ቀጥሎ ማያያዣው። የሌጎ ፉርጎዎች በማግኔት ይያያዛሉ፤ ማግኔቱም አብዛኛውን ጊዜ ቦጊው ላይ ነው። ይህ ለኩርባ ይመቻል፣ ምክንያቱም ማያያዣው ከሀዲዱ ጋር አብሮ ይታጠፋል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ባቡሩ ሲረዝም የኋለኞቹ ፉርጎዎች ክብደት በሙሉ በፊተኞቹ ቦጊዎች በኩል ስለሚጎተት ቦጊዎቹን ወደ ኩርባው ውስጥ ይስባቸዋል። ማያያዣውን አካሉ ላይ የሚያስሩ ሠሪዎች ከዚህ ይድናሉ፤ በምትኩ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ረጅም ክንድ መሥራት አለባቸው። በየትኛውም መንገድ በሁለት ፉርጎዎች መካከል ክፍተት መኖር አለበት። 24 ጉጥ የፒን ርቀት ባለው ፉርጎ፣ ማዕዘኑ ደፍን ከሆነና መገናኛው በክፍተቱ መሐል ካለ፣ የውስጥ ማዕዘኖቹ እንዳይጋጩ 34 ሚሊ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ጫፉ ከጠበበ 25 ይበቃል። የማጥበቡ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ 34 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ፉርጎዎች የአንድ ባቡር አካል አይመስሉም።

ጎማውም የራሱ ጣጣ አለው። የትኛውንም ሙሉ ክብ ሲዞሩ የውጭው ሐዲድ ከውስጠኛው በ24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ክቡ ሰፋም ጠበበም ልዩነቱ አይለወጥም። ሁለት ጎማዎች በአንድ ዘንግ ላይ አብረው ሲዞሩ እንግዲህ አንደኛው መንሸራተቱ አይቀርም። በትልቅ ክብ ልዩነቱ በረጅም መንገድ ላይ ይከፋፈላል፤ በ40 ጉጡ ክብ ግን በሁለት ሜትር ውስጥ ይጠራቀማል። ሞተሩ ኩርባ ላይ የሚያቃስተው በከፊል ለዚህ ነው። ሦስት ዘንግ በተርታ ሲመጣ ደግሞ መሐለኛው ከሐዲዱ መስመር ስለሚወጣ መላ ይፈልጋል። በ2009 የወጣው ኤመራልድ ናይት የተባለው የሌጎ የእንፋሎት ባቡር በየጎኑ ሦስት ትልልቅ ጎማዎች አሉት፤ የመሐለኛው ጥንድ ሐዲዱን የሚይዘው ከንፈር የለውም፣ ሐዲዱ ላይ ወደ ጎን እንዲንሸራተት ታስቦ የተሠራ ነው። በእውነተኛ ሎኮሞቲቮችም የተለመደ ዘዴ ነው።

ርዝመትን መሥዋዕት ማድረግ የማይፈልግ ሰው አካሉን መቆራረጥ ይችላል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ተሳፋሪ ይህን በዓይኑ ያየዋል፤ ባቡሩ አንድ ቢመስልም አካሉ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በሚተጣጠፍ መጋረጃ የተያያዘ ነው፣ ሲታጠፍም ክፍሎቹ በየፊናቸው ይዞራሉ። በ1981 አገልግሎት የጀመረው የፈረንሳዩ ቴ ዤ ቬ ደግሞ ሁለት ጎረቤት ፉርጎዎችን በአንድ የጋራ ቦጊ ላይ ያስቀምጣል። በጡብ ሲሠራ ይህ እጅግ ይመቻል፤ ጫፉ በቀጥታ ከፒኑ በላይ ስለሆነ ወደ ውጭ የሚያፈነግጥ ትርፍ አካል አይኖርም ማለት ይቻላል፣ የሚታሰበው የወገቡ ብቻ ነው። ጉዳቱ ባቡሩን ከመደርደሪያ ወደ ወለል ማውረድ ሲያስፈልግ ይታያል፤ ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ አይነሱም።

ስሌቱ ምንም ያህል ቢያምር ፍተሻው ግድግዳ ከመቆሙ በፊት ይደረግ። ባዶውን ወለል በሁለት ቦጊ ላይ አስቀምጦ፣ ከኩርባው ሥር ወረቀት ዘርግቶ፣ ወገቡና አራቱ ማዕዘኖች ላይ እርሳስ አሥሮ በእጅ መግፋት በቂ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው መስመር ጣቢያው፣ ዋሻውና ምልክቱ ከየት መጀመር እንዳለባቸው ያሳያል። ወለሉን በኤስ ቅርጽ መንገድ ላይም ማስኬድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቦጊ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ክብ ላይ ያልታየ ጉድለት እዚያ ይወጣል።

ሰፋ ያለ ኩርባ የሚፈልግም አማራጭ አለው። ብሪክትራክስና ኤፍኤክስ ብሪክስን የመሳሰሉ ሌሎች አምራቾች 56፣ 72፣ 88፣ 104 ጉጥ እያሉ በ16 እየጨመሩ የሚሄዱ ሬዲየሶችን ይሸጣሉ። በ104ቱ ላይ የእኛ ፉርጎ ወገቡ የሚያፈነግጠው 5.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግን ሙሉ ክቡ ከመሐል እስከ መሐል 166 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፣ ፉርጎው ወደ ውጭ የሚወጣበት ሳይታሰብ። ሳሎኑ ይህን ያህል ቦታ የማይለቅለት ሰው ሰፊ ሀዲድ ከመግዛቱ በፊት ባለ 36 ጉጡን፣ ጫፉ የጠበበውንና ፒኑ 22 ላይ የተቀመጠውን ፉርጎ ይሞክር፤ ለአብዛኛው ቤት እሱ ይበቃል።