የሰሊጥ አጨዳና የጨዋታ ሠሪዎች ቅጥር

በሱዳን በገዳሪፍ ሜዳ ሰሊጥ ሲታጨድ ያየ ሰው፣ የሠራተኛን ዋጋ ለመረዳት ሌላ አስተማሪ አያሻውም። ሰሊጥ በደረሰ ጊዜ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህም በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከመነሣቱ በፊት፣ በመከር ወራት ብዙ የቀን ሠራተኞች ከአገራችን በመተማና በገላባት በኩል እየተሻገሩ ይቀጠሩ ነበር። ባለ እርሻው ሠራተኛ እስኪያገኝ ድረስ ይለማመጣል፤ ሰሊጡ ጆንያ ከገባ በኋላ ግን የአጫጆቹን ስም የሚያስታውስ የለም።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ወጣቶቻችን የሚመኙት የቪዲዮ ጨዋታ ሥራ፣ ምንም እንኳ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው የሚሠሩት ቢሆን፣ በቅጥር በኩል ከሰሊጡ ማሳ ብዙም አይርቅም። ለአንድ ታላቅ ጨዋታ ፕሮግራም ጸሐፊው፣ ሠዓሊው፣ ደራሲው፣ የድምፅ ባለሙያውና ጉድለት መርማሪው በመቶ እየተቈጠሩ ለዓመታት ይደክማሉ። ለገበያ የሚወጣበት ቀን ሲቃረብ ሌሊቱ ከቀኑ ጋር ይገጥማል፤ ጨዋታው ከወጣ በኋላም የሚሰናበተው ጥቂት አይደለም። ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያው ዓመት በጥር 1,900 የጨዋታ ክፍል ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ።

ታዲያ የሠራተኞች አስተዳደር ክፍል ተግባሩ ምንድር ነው? ማመልከቻ ተቀብሎ ፋይል መክፈት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እኛ እንደሚመስለን ግን፣ ስንት ሰው ለስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መመተር፣ አንዱ ጨዋታ ሲያልቅ ሠራተኛውን ወደሚቀጥለው ማሸጋገር፣ የተበደለም አቤት ሲል መስማት ነው። ራዮት ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሴቶች ሠራተኞቹ ስለ ደመወዝ አድልዎና ስለ ነውረኛ አያያዝ ከሰውት፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሰሚ ጆሮ ከዚህ ባነሰ ዋጋ ይገኝ ነበር።

ሰውን ፈልጎ ማግኘትም የዚሁ ክፍል ሥራ ነው። (በወንጌል ምሳሌ የወይኑ ቦታ ባለቤት ሠራተኛ ለመቅጠር ወደ ገበያ የወጣው ራሱ ነው፤ ወኪል አልላከም።) የደቡብ ሱዳኑ ተወላጅ ሉዋል ማየን በኡጋንዳ የስደተኞች ሰፈር አደገ፤ እናቱ ሦስት ዓመት ቈጥባ በ300 ዶላር ኮምፒዩተር ገዛችለት። እርሱም ራሱን አስተምሮ ስለ ስደተኛ ሕይወት የሚናገር «ሰላም» የተባለ ጨዋታ ሠራ፤ በኋላም በዋሽንግተን የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በገዳሪፍ የሚገኘው ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ገደማ የረኃብ ስደተኞች የተጠለሉበት ሰፈር ነው፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ቤተ ሰቦች ገቡበት፤ ከእነርሱም መካከል ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ተማሪዎች ነበሩ። ከእነዚህ ወጣቶች ስንቱ እንደ ሉዋል ሊሆን ይችል እንደ ነበር የጠየቀ ቀጣሪ አልሰማንም። መብራት፣ ኮምፒዩተርና የሥራ ፈቃድ በሌለበት ተሰጥኦ ብቻውን ምን ያደርጋል?

በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለውን የምታመልጥ ዶሮ ጨዋታ ሠርቷልና፣ ሥራው ለአገራችን ልጆች እንግዳ አይደለም። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የጨዋታ ሥራ ውል ሊፈርም ሲነሣ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ውሉ የሚያበቃው መቼ ነው? የሌሊቱ ሥራ ይከፈልበታልን? ስሙስ በጨዋታው መጨረሻ ከሠሪዎቹ ስም ጋር ይጻፋልን? ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት የተሰናበቱ ብዙ ሠራተኞች፣ ለዓመታት የደከሙበት ጨዋታ ሲወጣ ስማቸውን ከዝርዝሩ ውስጥ አጥተውታል።