ሰመመን ሰጪውን ማን ይምረጥ?

ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሕመምተኛ «ሐኪሜ ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ስለ ሰመመን ባለሙያው ግን እምብዛም አይጠይቅም። ለመሆኑ ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ለሕክምና የመጣ ሰው ይህን ባለሙያ መምረጥ ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከሳይንስ አንጻር እንመለከታለን።

በአንዳንድ አገሮች ከፍሎ የሚታከም ሰው የሚፈልገውን ባለሙያ በስም ሊጠይቅ ይችላል። በአገራችን የመንግሥት ሆስፒታሎች ግን ባለሙያዎች በተራ ስለሚመደቡ፣ በተለይም በሌሊት ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የደረሰ ሕመምተኛ ተረኛውን ከመቀበል ሌላ አማራጭ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1846 ዊልያም ሞርተን በቦስተን ከተማ የኤተርን ሰመመን በአደባባይ ካሳየ ወዲህ ሙያው እጅግ ረቅቋል። አጠቃላይ ሰመመን ትንፋሽን ያዳክማል፤ ሊያቋርጠውም ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ሕመምተኛውን አስተኝቶ አይሄድም፤ እስኪነቃ ድረስ ትንፋሹን፣ የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን ይጠብቃል።

ይህ ጥበቃ በደብረ ብርሃን ይበልጥ ያስፈልጋል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የኦክስጅን ድርሻ እዚያም እዚህም 21 በመቶ ቢሆንም፣ ግፊቱ ስለሚያንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። በመሆኑም ትንፋሽ ሲቋረጥ የሳንባ ስንቅ ፈጥኖ ያልቃል። ከማስተኛት በፊት ለጥቂት ደቂቃ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን መስጠት ናይትሮጅንን አስወጥቶ ሳንባን በኦክስጅን ይሞላል፤ ጣት ላይ የሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ያሳያል።

እንግዲህ ለሕመምተኛው ምን ይቀርለታል? ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከሰመመን ባለሙያው ጋር የሚደረገው ውይይት ነው። «ሙሉ በሙሉ እተኛለሁ ወይስ ከወገቤ በታች ብቻ ይደነዝዛል? አማራጭ አለኝን?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። በአንጻሩ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የባህሉን ጭምር፣ አስም ካለበት፣ ከቤተሰቡም በሰመመን የተጎዳ ካለ መናገር ይጠበቅበታል።

ከሁሉም በላይ ጾሙን ሊደብቅ አይገባም። ቀለል ያለ ምግብ ከበላ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት ከሆነም ከዚያ በላይ፣ ንጹሕ ውኃ ከጠጣ ደግሞ 2 ሰዓት ማለፍ አለበት። ዘመድ አዝኖለት በስውር ያጎረሰው ቁራሽ እንጀራ፣ ሰመመኑ የጉሮሮን መከላከያ ባላላ ጊዜ ወደ ሳንባ ገብቶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። የበላ ሰው እውነቱን ከተናገረ ግን ባለሙያው ጊዜውን ያራዝማል፤ ካልሆነም ዘዴውን ይለውጣል።