ከመጋረጃው ጀርባ ያለን ሰዎች የምናውቀው

በማስታወቂያ ሰሌዳ የማይለጠፍ አንድ ነገር በጆሯችሁ ልንገራችሁ፤ ጠጋ በሉ። በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች አንድ ተውኔት በተመረቀ ዕለት ገና ጥሬ ነው። በምርቃቱ አበባው፣ የክብር እንግዳው፣ ፎቶው ይበዛል፤ ተዋናዩ ግን ተመልካቹን ገና አልለመደውም። ሰው የት እንደሚስቅ፣ የት ትንፋሹን እንደሚውጥ የሚገባው ከሳምንታት በኋላ ነው። አንድ ቴአትር የራሱ ቀን ተሰጥቶት በየሳምንቱ ለወራት፣ ከቀናውም ለዓመታት ይታያልና ጊዜ አለው። እኛ የልብ ወዳጆቻችንን የምንጠራው ያኔ፣ ሥራው ሲበስል ነው።

ይህ ሊሆን የቻለው ቤቶቹ የራሳቸው ሰው ስላላቸው ነው። ተዋናዩ፣ ዘፋኙ፣ ተወዛዋዡ በወር ደመወዝ የሚኖር የቤቱ ልጅ ነው። ከሰዓት በኋላ በኮሪደሩ ብታልፉ በአንዱ ክፍል ማሲንቆ ሲቃኝ፣ በሌላው ድርሰት የያዙ ተዋንያን ክብ ሠርተው ሲያነቡ ትሰማላችሁ። ለእኔ የእነዚህ ቤቶች ትልቁ ሀብት ይህ ኮሪደር ነው፤ ከአዳራሹም ይበልጥብኛል።

የእነዚህ ቤቶች መነሻ ሩቅ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ማኅበር እንጂ ቴአትር ቤት አልነበረም። የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ በደረሰበት ሰዓት መኮንን ሀብተ ወልድ ያቋቋሙት ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነበር፤ ንግግሩም ዘፈኑም ለአንድ ዓላማ ይቀርብ ነበር። ከነፃነት በኋላም ፒያሳ ላይ ተውኔትና ሙዚቃ ሳይነጣጠሉ ቀጠሉ። ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል ከመቀላቀሉ በፊት በወጣትነቱ የገባው እዚያ ነው። በሀገር ፍቅር የመጀመሪያ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ያንን በር ገፍተው መድረክ ላይ የወጡት ሴቶች የከፈሉትን ዋጋ ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል።

ብሔራዊ ቴአትር ሌላ ታሪክ አለው። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ በንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ 25ኛ ዓመት በዓል፣ በ1948 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ደጃፉ ላይ የቆመው አንበሳም የፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ቴአትር ቤቱ የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ሲያመጣ፣ የአማርኛ መድረክ ምን ያህል ቃል መሸከም እንደሚችል አሳይቶናል።

በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም ሲጎርፍ ቴአትር አበቃለት ያሉ ነበሩ። አላበቃም፤ በፊልሙ የወደዳችኋቸው ብዙ ተዋንያን የተሠሩት በዚሁ መድረክ ላይ ነው።

እንግዲህ ምክሬን ስሙ። ምርቃቱን ለእንግዶቹ ተዉት። ከወር ከሁለት ወር በኋላ፣ በተለይ በሥራ ቀን፣ ትኬት ቆርጣችሁ ግቡና መሐል ላይ ተቀመጡ። መጋረጃው ሳይገለጥ በስንጥቁ አጮልቀን አዳራሹን እናያለን፤ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደመጣ አይተን ነው የምንወጣው። ሳቃችሁንም ዝምታችሁንም እንሰማለን። ስልካችሁን ብቻ አጥፉልን፤ ብርሃኑ እስከ መድረክ ድረስ ይታያል።