ርካሽ ጄት፣ ብዙ ፈቃጅ

ፓኪስታን ጄኤፍ-17 ብሎክ 3 ተዋጊ ጄቶችን ለአዘርባጃን መሸጧን በመስከረም 2024 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ካስታወቀች ወዲህ፣ አገሮች ተጋግዘው የሚሠሯቸው ቀላልና ርካሽ ተዋጊዎች እንደገና መነጋገሪያ ሆነዋል።

ጄኤፍ-17ን ፓኪስታንና ቻይና ወጪውን ተካፍለው ሠሩት፤ በነሐሴ 2003 በቻይናዋ ቼንግዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ከአካሉ 58 በመቶው በፓኪስታን ካምራ፣ ቀሪው በቻይና ይመረታል። ሞተሩ ግን የሁለቱም አይደለም። ከሚግ-29 ሞተር የተወለደው አርዲ-93 የሩሲያ ነው፤ ቻይና ለፓኪስታን አሳልፋ እንድትሰጠው የሞስኮ ይሁንታ አስፈልጓል። ምያንማርና ናይጄሪያም ይህንኑ ጄት ታጥቀዋል።

የደቡብ ኮሪያ መንገድ ሌላ ነው። ለቲ-50 ማሠልጠኛ ጄት ልማት መንግሥት 70፣ የአገሪቱ አውሮፕላን አምራች ኬኤአይ 17፣ የአሜሪካው ሎክሂድ ማርቲን 13 በመቶ አዋጡ። በ2022 ፖላንድ ከዚያ የወጣውን ኤፍኤ-50 ተዋጊ 48 አዘዘች። የህንዱ ቴጃስና የስዊድኑ ግሪፐን ተዋጊዎች ደግሞ በአሜሪካ ሞተር ይበራሉ።

የዚህን የጋራ ሥራ ገመና ያወጣችው አርጀንቲና ናት። ኤፍኤ-50 ልትገዛ ስትል፣ በ2020 ኬኤአይ መሸጥ እንደማይችል በደብዳቤ አሳወቃት፤ ስድስት ዋና ዋና ክፍሎቹ የብሪታንያ ሥሪት ነበሩ። ብሪታንያና አርጀንቲና ከተዋጉበት ከ1982ቱ የፎክላንድ ጦርነት ወዲህ ለንደን ለቦነስ አይረስ የሚሸጥ መሣሪያን ስትገድብ ቆይታለች። ፊቷን ወደ ጄኤፍ-17 ብታዞር፣ አደጋ ሲደርስ አብራሪውን ከጄቱ አስፈንጥሮ የሚያወጣው መቀመጫ የብሪታንያው ማርቲን ቤከር ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ በ2024 ከዴንማርክ 24 ያገለገሉ ኤፍ-16ዎችን ለመግዛት ተስማማች። አንድ መቀመጫ የአንድን አገር አየር ኃይል ዕቅድ ሊያሰናክል እንደሚችል ማን ያስባል?

እኛ ኢትዮጵያውያንም ይህን አናጣውም። በ1977 አሜሪካ የጦር መሣሪያ ስታቋርጥብን፣ የሶማሊያን ሚግ-21ዎች የገጠሙት ኤፍ-5ዎቻችን አሜሪካ ሠራሽ ነበሩ። አብራሪዎቻችን በአየር ላይ ድል አደረጉ፤ የመለዋወጫው ምንጭ ግን ደርቆ ነበር።

አጋርነት ዋጋን ይቀንሳል፤ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን አጋር በጨመረ ቁጥር «አይሆንም» የሚል መንግሥትም ይጨምራል። ስለዚህ ገዢው የዋጋ ዝርዝር ከማየቱ በፊት የየክፍሉን አምራች አገር ዝርዝር ይጠይቅ፤ ከነዚያ አገሮች ጋር ነገ ሊጣላ ይችል እንደሆነም ይመርምር።