የአሶሳ ጫካ ከእሳት ጋር እንዴት ይኑር?

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደን ይመለስ ሲባል ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው የችግኝ ቁጥር ነው፤ በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ። በአሶሳ ዙሪያ ግን ከተከላ መቅደም ያለበት እሳትን መግራት ነው እላለሁ። የአካባቢው ጫካ አባሎና ወይባ የሚባሉ ዛፎች ከረጅም ሣር ጋር የሚያድጉበት ነው፤ ሽመል የምንለው የቆላ ቀርቀሃም ሰፊ ቦታ ይዟል። አባሎና ወይባ ቢቆረጡም ከጉቶ ያቆጠቁጣሉ፤ ዛፍ ሳይሆኑ የሚቀሩት ቡቃያው በየበጋው ስለሚለበለብ ነው። ሽመል ደግሞ በዕድሜው ማብቂያ በጅምላ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ያን ጊዜ እሳት የደረሰበት እንደሆነ፣ ደረቁ ግንድ ከወደቀው ዘር ጋር አብሮ ይነዳል፤ ተተኪም አይኖረውም። በ1977 ዓ.ም. የሰፈራ ዘመቻ ለእርሻ የተመነጠረው መሬትና የስደተኞች መጠለያዎች የማገዶ ፍላጎት ጫናውን አክብደውታል።

የአካባቢው ሕዝቦች፣ በርታውና ጉሙዙ፣ እሳትን ለእርሻ ምንጣሮ፣ ለአደንና ለከብት ለምለም ሣር ይጠቀሙበታል፤ ታዲያ እንዴት ይከልከል? ተገቢ ጥያቄ ነው። እሳትን ጨርሶ ማገድ አይቻልም፣ ቢቻልም አይበጅም፤ ሣር የሚግጡና ሣር ውስጥ የሚራቡ እንስሳት ገላጣ ቦታ ይሻሉ። ልዩነቱ ያለው በወቅቱ ላይ ነው። ሣሩ እርጥበት ሳይለቀው፣ በኅዳር ገደማ፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚለኮስ እሳት ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ሁሉ በደረቀበት በየካቲትና በመጋቢት የሚነሣው ግን ቡቃያውን ይፈጃል። ሣር ምድሩን ባዶ መሬት ነው ብሎ በባሕር ዛፍ መሙላትም ለዱር እንስሳት መኖሪያ አይሆንም።

ሳይተከል ደን ይመለሳል ወይ ለሚል፣ የወላይታው ሁምቦ መልስ አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው ሥራ ከ2,700 ሄክታር በላይ ተራራማ መሬት ከግጦሽና ከቆረጣ ተከልሎ፣ በአመዛኙ ከነባር ጉቶ በወጣ ቡቃያ አገግሟል፤ የያዙትም የአካባቢው ገበሬዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ነው። የሁምቦ ተራራ ከአሶሳ ጫካ ይለያል ቢባል እውነት ነው፤ ስለዚህ ሙከራው እዚያው አሶሳ ላይ መደረግ አለበት። ትምህርት ቤቶች ከጫካው አጠገብ ሁለት ቁራሽ መሬት ቢከልሉ፣ አንዱ በኅዳር ቢቃጠል፣ ሌላው ከእሳት ቢጠበቅ፣ ተማሪው ቡቃያና ወፍ እየቆጠረ ከዓመት ዓመት ማነጻጸር ይችላል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደን ባለቤትነትን ያውቃል፤ የጫካውን ማርና ሽመል የሚጠቀም መንደር በወረቀት የተረጋገጠ መብት ካገኘ፣ በመጋቢት የሚነሣውን እሳት ቀድሞ የሚያጠፋው እሱ ነው።